ሦስት ጣት ትርፍ

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ይህች ሴት አንዲት ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ ትወፍር አትወፍር እንደሆነ ልጅቷ ራሷ ሳታውቀው ታውቃለች። ጠንቋይ ሆና አይደለም፤ ሙያዋ ነው። ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሠራተኛው ሁሉ «አባባ መቀስ» የሚላቸው ሰው ነበሩ። ሚስጥሩንም የሰጧት እሳቸው ናቸው።

ሚስጥሩ ይህ ነው። የእንግዳ መቀበያ ልጆች ጃኬትና ጉርድ ቀሚስ በሁለት ዓመት አንዴ ይሰፋል፤ ፍተሻው ግን በየዓመቱ ነው። በፍተሻው ጠዋት ልጆቹ ለብሰው ይሰለፋሉ፣ ኃላፊያቸው ከዳር እስከ ዳር እያየች ታልፋለች። ይህችን ኃላፊ ልጆቹ በሌለችበት «ሚዛን» ይሏታል፤ አንዴ ገልመጥ አድርጋ የሰውን ኪሎ ስለምትናገር ነው። ዚፗ አልዘጋ ያላት ልጅ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ስልክ ክፍል ትዛወራለች። የስልክ ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ድምፅ እንጂ መልክ አይፈለግበትም። «ስልክ ውፍረት አያይም» ትላለች ሚዛን፣ ቀልድ የተናገረች መስሏት። ሌላ ይሰፋልኝ ማለት ደግሞ አይሞከርም፤ ጨርቁ ተለክቶ መጥቶ ተለክቶ ያልቃል።

አባባ መቀስ ይህ ነገር አይጥማቸውም ነበር፤ ሦስት ሴት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ልብሱን ሲቆርጡ ከገበሩ ሥር፣ በግራና በቀኝ ጎን፣ ማንም የማያየው ትርፍ ጨርቅ አጥፈው ይሰፉ ነበር። ለማትለወጠዋ አንድ ጣት፣ ለምታጠራጥረዋ ሁለት፣ መጨመሯ ለማይቀረው ሦስት። ቁጥሩን በጠመኔ ከውስጥ ይጽፉታል። ልጅቷ ስትጨምር «አባባ፣ ትንሽ ያዘኝ» እያለች ትወርዳለች፣ እሳቸው ስፌቱን ፈትተው ይለቁላታል፣ ፍተሻው ሲደርስ ዚፑ ጥርቅም ይላል። ሚዛንም «የኔ ልጆች ራሳቸውን ይጠብቃሉ!» እያለች ስትኮራ ትውላለች። ነገሩ ተከድኖ ይብሰል ነው። ልጆቹ እንኳ የሰፊው እጅ የተባረከ ነው ይላሉ እንጂ ጣቱን አያውቁም።

«ማን ስንት እንደሚያስፈልጋት በምን አውቃለሁ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር ሰፊዋ፣ ገና ጀማሪ ሳለች።

«ወፍራሟን አትፈልጊ» አሏት። «እየሳቀች ሳህኗን የምትጨርሰዋንም ተያት፤ እሷ ባለችበት ናት። እኔ የምፈራው ጠዋት ባዶ ሆዷን መጥታ ከሰዓት ብስኩት በኪሷ የምትደብቀዋን ነው። ሜትር ስታይ ትንፋሿን የምትውጠዋን። እንቅልፍ ያጣችዋን፣ በየቀኑ ሚዛን ላይ የምትወጣዋን። እናቷንም ካገኘሽ እያት፤ ግን በእናት ብቻ አትፍረጂ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ከሁሉም ከሁሉም፣ ድሮ ወፍራ የነበረችና ራሷን በረሃብ ያወረደች ከመጣችልሽ ሁለቴ አታስቢ። መንገዱን ታውቀዋለች፣ ተመልሳ ትሄድበታለች።» ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ጨመሩ። «"ሁለት ኪሎ ልቀንስ ነውና ጠበብ አድርጊልኝ" ያለችሽን ደግሞ እሺ በያትና ሦስት ጣት ተዪላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

በአሥር ዓመት ውስጥ ሰፊዋ የተሳሳተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛዋም አርግዛ ስለነበር አይቆጠርም።

አባባ መቀስ የሰፊዋንም ዕጣ ነግረዋት ነበር። «አንቺ ባለ አንድ ጣት ነሽ» ብለዋታል። «ባለሽበት ትኖሪያለሽ።» እሳቸው መመረቃቸው ነው። እሷ ግን እንደ እርግማን ነው የሰማችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ «ድንቡሼ» እያለ ያሳደጋት ሰው፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷም ያው ድንቡሼ ናት። ሦስት ጊዜ ትበላለች፣ ስትተኛ ትተኛለች፣ አትጨምርም አትቀንስም። ባለሽበት ትኖሪያለሽ ማለት ማንም ዞር ብሎ አያይሽም ማለት ነው ብላ ነበር የተረጎመችው፤ ማንም ደግሞ ዞር ብሎ አላያትም ነበር።

ታናሽ እህቷን ግን ያየ ሁሉ ዞር ይላል። ቤት ውስጥ «ቀጮ» ነው የምትባለው፣ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት። ከሆቴሉ ያስገባቻት ሰፊዋ ራሷ ናት፤ ኃላፊዎቹን በየቢሮው ለምና፣ የቅጥሩን ቀን ቆጥራ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሸሚዟን ኮሌታ በገዛ እጇ ተኩሳ። ደግነት ነበር፣ ማንም አይክደውም። ደግነቱ የቆየው ግን እስከዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ድረስ ነው። በምሳ ሰዓት ወጥ ቤቶቹ ተሰብስበው «ያቺ አዲሷ እህትሽ ናት አሉ፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቋት። አዎ ስትላቸው «አይመስልም!» አሉ ባንድ አፍ። ያቺ «አይመስልም» ሰፊዋ ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረች።

ከወጥ ቤቶቹ የባሰው ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ረጋ ያለ፣ እጁ ሁልጊዜ የታጠበ ኤሌክትሪሺያን አለ። ሰፊዋ በዚህ ሰው ምክንያት በዓመት ሰባት ጊዜ ካውያ አበላሽታለች። የገመዱን ስር በመቀስ ጫፍ ላላ ታደርግና ስልክ ትደውላለች፤ እሱ ይወርዳል፣ ይጠግናል፣ ከማሽኑ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ ጄኔሬተሩ ጠባይ ያወራላታል። «እህቴ» ነው የሚላት። ወንድ «እህቴ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ እሷ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅም ነበር። ቀጮ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር ገመዱን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ «እህቴ፣ ያቺ ሪሴፕሽን ያለችው... የታጨችለት ሰው አላት እንዴ?» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ካውያው ተበላሽቶ አያውቅም።

የልብስ መስፊያው ጊዜ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ስምንቱ ልጆች ተራ በተራ ወረዱ። ሰፊዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ፣ የልኬት ደብተሯን ከፍታ፣ እንደ ልማዷ በዓይኗም በጆሮዋም ለካቻቸው። በዚያ ጠዋት ብቻ አራት ልጆች «ሁለት ኪሎ ልቀንስ ነው፣ ጠበብ አድርጊልኝ» አሏት። ለአራቱም «እሺ የኔ ቆንጆ» አለች፤ ለአራቱም ሦስት ጣት ተወች። ከአራቱ አንዷ የሁሉም ወዳጅ የሆነች፣ ሳቋ ከፎቅ እስከ ምድር ቤት የሚሰማ ልጅ ናት፤ ሳቂታዋ ይሏታል። እሷማ ስትለካ ትንፋሿን ከመዋጧ የተነሳ ልትፈነዳ ደርሳ ነበር።

በመጨረሻ ቀጮ ገባች። እጇን ዘረጋች። ሜትሩ ወገቧ ላይ ሲያርፍ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች።

«እትዬ» አለች፣ «የኔን ጠበብ አድርጊልኝ፣ እሺ? ሁለት ኪሎ ልቀንስ ነው።»

ሰፊዋ ጠመኔዋን ይዛ ቆመች። ቀጮ አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ አባታቸው በሞቱበት ዓመት፣ ፊቷ ክብ ብሎ፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ጎኑ ላይ ሁለቴ ተቀዶ እንደነበር ከሰፊዋ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱንም ጊዜ የሰፋችው እሷ ናት። አንድ የክረምት ዕረፍት ሙሉ ውሃ ጠጥታ፣ በረዶ ቆርጥማ፣ መስታወት ፊት አልቅሳ ነው ወርዳ «ቀጮ» የተባለችው። እናታቸው በበር የማያልፉ ሴት ናቸው። ቀጮ ቁርስ አትበላም። የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ጠዋትና ማታ ትወጣለች። አባባ መቀስ ከመቃብር ተነስተው ቢመጡ «ይህች ሦስት ጣት አይደለችም፣ አራት ናት» ባሉ ነበር።

«እሺ» አለች ሰፊዋ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም እሺ ያለችውን አደረገችው።

ልኩን በልኩ ቆረጠች። ትርፉን እስከ ስፌቱ ጥግ ድረስ በመቀስ ላጨችው፤ ገበሩን ደረበችበት፤ ከውስጥም ምንም ቁጥር አልጻፈችም። «የጠየቀችኝን ነው ያደረግሁት» አለች ለራሷ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ግን አንድ ሰው ምድር ቤት ብቻውን ተቀምጦ ራሱን ሲያታልል ማን ይከራከረዋል?

ልብሱ ሲወጣ ሆቴሉ ተገለበጠ ማለት ይቻላል። ቀጮ ላይ የተሰፋ ሳይሆን የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ሚዛን እንኳ እጇን አጨብጭባ «እንዲህ ነው!» አለች። እንግዶች ቁልፍ ሲቀበሉ ቃላቸው ይጠፋባቸዋል። ኤሌክትሪሺያኑ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ያልተቃጠሉ አምፖሎች መቀየር ጀመረ። ሰፊዋ በደረጃው መስታወት እያየች ስታልፍ ደሟ ይፈላል፤ የገዛ እጇ ሥራ ነው እህቷን እንዲህ ያሳመረው። ሌሎቹ ልጆች ላይ ከጎን ወፈር የሚለው ያ የተደበቀ ትርፍ ቀጮ ላይ የለም። ምቀኝነቷ ሳይቀር እህቷ ላይ አማረ።

እንግዲህ ምን ቀረ? መጠበቅ። ሰፊዋ እንደምትጠብቅ ታውቃለች፣ ምን እንደምትጠብቅም ታውቃለች፣ አላፈረችበትም። ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት እሷ ዳቦና እንቁላሏን ስትበላ ቀጮ ስኳር የሌለው ሻይ ይዛ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ቀጮ የእህቷን ሳህን ትክ ብላ እያየች «እትዬ፣ አንቺ ግን እንዴት ነው እንዲህ መብላት የምትችይው?» አለቻት።

ሰፊዋ ሹካዋን አስቀመጠች። «እንዴት ማለት?»

«እንዲሁ... ቁጭ ብለሽ። ምንም ሳታስቢ።»

«እሷማ ጨጓራዋ ሰላም ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ እናትየው፣ ወንበራቸው እየጮኸባቸው። «አንቺ ግን መቃ ሆነሻል፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ!» ሰፊዋ ስድብ ነው ብላ ቆጠረችው። ከወንበሯ ተነስታ ሄደች፤ ሳህኗን ግን ጨርሳ ነው የተነሳችው።

ልብሱ በወጣ በአምስተኛው ወር ቀጮ ጃኬቷን፣ ቁልፉን እንድታጠብቅላት፣ ትታላት ወጣች። ሰፊዋ ኪሱን ስትፈትሽ የብስኩት ወረቀት አገኘች፤ አንድ አይደለም፣ አራት፣ እንደ ደብዳቤ በጥንቃቄ ታጥፈው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዓመት ሙሉ እንዲያ ደስ ያላት ቀን አልነበረም። በዚያው ሳምንት ወደ ጓዳ ገብታ ቀጮን ከበሩ ኋላ አገኘቻት፤ ቆማ፣ ከድስቱ የቀዘቀዘ ሩዝ በትልቁ ማንኪያ እየዛቀች፣ ዓይኗን ጨፍና። ቀጮ ስታያት ደነገጠች፤ «ሲደርቅ አየሁትና...» አለች። ሰፊዋ «ብዪ፣ ብዪ» አለቻት። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ ከየት እንዳመጣችው ለራሷም ገረማት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነ። ቀጮ መጀመሪያ የወገቧን ቁልፍ ትንሽ ፈቀቅ አድርጊልኝ ብላ መጣች። ሰፊዋ ፈቀቅ አደረገችላት። በወሩ ተመልሳ መጣች፣ ዚፑ ያዘኝ አለች።

«የሚለቀቅ የለውም» አለቻት ሰፊዋ፣ ከማሽኗ ቀና ሳትል።

«እሺ፣ ችግር የለም፣ እኔ እቀንሳለሁ» አለች ቀጮ ፈገግ ብላ፤ ምሳ መብላትም አቆመች። በሁለት ሳምንት ሁለት ኪሎ ወረደች፤ በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት አራት መለሰች። እንደገና ወረደች፣ የበለጠ መለሰች። ዓይኗ ሥር ጠቆረ። ልብሱ ሲጠባት ትራባለች፣ ስትራብ ጓዳ ትገባለች፣ ጓዳ ስትገባ ልብሱ ይጠባታል። ሰፊዋ ከአባባ መቀስ የተማረችው ሁሉ ዓይኗ ፊት ሲፈጸም አየች። አንድ ነገር ግን አባባ መቀስ አላስተማሯትም ነበር፤ ልብሱ ራሱ ምልክት ሳይሆን ምክንያት ሊሆን እንደሚችል። ይህንን ስታስተውል ከማሽኗ ተነሳች። ሆኖም ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ተሸክሞ በበሩ ሲያልፍ አየችና ሐሳቧን ተወችው።

ፍተሻው ሦስት ቀን ሲቀረው ሳቂታዋ እየተንፈቀፈቀች ወረደች። «እትዬ፣ ድረሽልኝ! ዚፔ ሊያስቀብረኝ ነው!» ሰፊዋ ጃኬትና ጉርዷን ተቀብላ፣ ገበሩን ገልብጣ፣ ስፌቱን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ምሳ ሰዓት ነበርና ሥራውን ትታ ወጣች፤ ሳህኗን ጨርሳ ስትመለስ ቀጮ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች።

ቀጮ የመጣችው ጥቂት እንኳ እንድትለቅላት ለመለመን ነበር። አሁን ግን የሳቂታዋን ጉርድ በሁለት እጇ ይዛ የተጋለጠውን ጎን ታያለች። ከውስጥ የታጠፈው ጨርቅ፣ ፀሐይ ያላየ፣ ያልደበዘዘ፣ አዲስ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ጥጉ ላይ በጠመኔ «3» ተጽፏል። ቀጮ ሦስት ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። ልክ ሦስት።

ከዚያ የራሷን ጉርድ ወገብ ገልብጣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ስፌቱ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ትርፍ ነው» አለች ሰፊዋ።

«የኔ ላይ ለምን የለም?»

«አንቺ ራስሽ ጠበብ አድርጊው አላልሽኝም?»

ቀጮ በዓይነ ኅሊናዋ የልኬቱን ቀን ሰልፍ ተራ በተራ ስታየው ታስታውቃለች፤ ከሳቂታዋ ኋላ ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ የሰማችውን ሁሉ።

«እሷም ብላሻለች» አለች በመጨረሻ። «ሰምቼያታለሁ። ሌሎቹም ብለውሻል።»

ቀጮ ጉርዱን እንደነበረ አጣጥፋ አስቀመጠች፤ ሳይጨማደድ፣ የሰፊ እህት እንደመሆኗ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «ታውቂ ነበር» ብቻ አለች። «ከሁሉም በላይ የኔን ታውቂ ነበር።» ወጥታ ሄደች።

እንግዲህ ሰፊዋ በእነዚያ ሦስት ቀናት ያላደረገችው የለም። መጋዘን ሄዳ የዚያን ጨርቅ ቁራጭ ጠየቀች፤ አልቋል። የሚመስል ቀለም ፈልጋ አመጣች፤ ብርሃን ላይ ሲወጣ ሌላ ሆነ። ላስቲክ ለማስገባት ሞከረች፤ የላጨችው ጠርዝ መርፌ እንኳ አይዝም። ቤት ውስጥ ቀጮ እንደ ወትሮዋ ገብታ እንደ ወትሮዋ ትወጣለች፤ ለእናታቸው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሰፊዋ ቢሰድቧት በወደደች ነበር።

በፍተሻው ጠዋት ስምንቱ ልጆች በአዳራሹ ተሰለፉ። ሰፊዋም እንደ ደንቡ የስፒል ትራሷን አንጓዋ ላይ አስራ፣ የልኬት ደብተሯን ታቅፋ ከሰልፉ ጫፍ ቆመች። ሚዛን አንድ በአንድ እያየች አለፈች። አንዷ። ሁለተኛዋ። ሳቂታዋ ትንፋሿን ይዛ፣ ዚፗ ግን በሰላም ተዘግቶ። ሰባቱም አለፉ። ቀጮ መጨረሻ ነበረች። የጃኬቷ ጫፍ የጉርዷን ወገብ ሸፍኖታል፤ ሚዛን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ዚፑ መሐል ላይ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሚዛን። «ሰባቱ ልካቸው ነው። በአንድ ቀን የተሰፋ፣ በአንድ እጅ የተሰፋ። ያንቺ ብቻ ምን ሆነ?»

ቀጮ አንዲት ቃል ብትናገር ትድናለች። «የነሱን ገልብጪው» ማለት ብቻ ነው፤ ሰባት ጃኬትና ሰባት ጉርድ ይገለበጣል፣ ለማን ስንት ጣት እንደተተወላት በጠመኔ ተጽፎ ይነበባል። ከዚያ ወዲያ ስምንቱም ያው ናቸው፣ ሚዛንም ስምንት ሴት ስልክ ክፍል ልታጉር አትችልም፤ በቀጮ ፋንታ የሚታጎሩት ግን ሳቂታዋና እሷን የመሰሉት ይሆናሉ። ቀጮ ሰልፉን አየች። ሳቂታዋን አየች። በመጨረሻ እህቷን አየች።

«ወፈርኩ» አለች። «ሌላ ምንም የለም።»

ያኔ ነው ሰፊዋ አፏን የከፈተችው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «ጥፋቱ የኔ ነው!» አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለወጣ እንግዶች ሁሉ ዞሩ። «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የምትቀጡ ከሆነ እኔን ቅጡኝ።»

ሚዛን እጇን ዘርግታ ደብተሩን ተቀበለች። የቀጮን ገጽ አወጣች። ሜትሩን ከሰፊዋ አንገት ላይ ራሷ ስባ የጉርዱን ወገብ ለካች። ስልሳ ስድስት። ደብተሩ ላይም ስልሳ ስድስት። አንዴ ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰፊዋ የሚዛን ፊት ሲለሰልስ ስታይ ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አሥር ዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ያልሳትሽ ሰው» አለቻት፣ «ለእህትሽ ብለሽ ስምሽን ልታጠፊ ነው? እኔ ውሸት አልወድም። ይሄንን ግን እንዳልሰማሁ አልፈዋለሁ።»

«ውሸት አይደለም!» አለች ሰፊዋ።

«በቃ፣ በቃ» አለች ሚዛን ትከሻዋን እየነካች። «እህትነት እንዲህ ነው።»

ሳቂታዋ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ሰፊዋን አቅፋ ሳመቻት፣ ከዚያ ወደ ቀጮ ዞራ «የታደልሽ ነሽ፣ እንዲህ ያለች እህት!» አለቻት።

«አዎ» አለች ቀጮ፣ ዓይኗን ከእህቷ ሳትነቅል። «ታድያለሁ።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዕቃዋን ልትሰበስብ ሄደች።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ሆቴሉን ዞረው። ወጥ ቤቶቹ ለሰፊዋ ከሁሉ ቀድመው አቀረቡላት። ዘበኛው ቆሞ ሰላምታ ሰጣት። ከሰዓት ላይ የክፍሏ በር ተንኳኳና ኤሌክትሪሺያኑ ገባ፤ ማንም ሳይጠራው፣ መፍቻም ሳይይዝ። ቆብ በእጁ ነበር።

«ሰማሁ» አላት። «እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። እስከዛሬ አጠገብሽ ቁጭ እያልኩ ማን እንደሆንሽ አላውቅም ነበር ማለት ነው።» «እህቴ» አላላትም። ስንት ካውያ ያበላሸችበት ያ አተያይ ይኸው ፊቷ ላይ አረፈ።

ሰፊዋም ቀና። በማን? በቀጮ አይደለም፤ በቀጮማ መቅናት ይብቃት፣ ሰልፉ ላይ ሚስጥሩን ጠብቃ በደግነትም በልጣታለች። አሁን የቀናችው ይህ ሰው በሚያያት ሴት ነው፤ ሰው ሁሉ ባቀፋት፣ ወጥ ቤቶቹ ባከበሯት፣ ለእህቷ ስሟን ልትሰጥ በተነሳች በዚያች ደግ ታላቅ እህት። ያቺ ሴት ሁሉን ነገር አግኝታለች፣ ግን የትም የለችም። ሰፊዋ «ሥራ አለብኝ» አለችው፤ ሰውየው እንደ ትሕትና ቆጥሮት የበለጠ አክብሯት ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ የግድግዳው ስልክ ጮኸ። አነሳችው።

«ልብስ ስፌት ክፍል?» አለ ድምፁ። የቀጮ ነው፤ የመጀመሪያ ቀኗ ቢሆንም የስልክ ክፍሉን አነጋገር አውቃበታለች። «ከውጭ ይፈለጋሉ። እናትዎ ናቸው። ላገናኝ?»

ሰፊዋ «እትዬ» እስክትላት ጠበቀች። አላለቻትም።

«ቀጮ...» አለች።

«ላገናኝ?»

«አገናኚ።»

«ድንቡሼ!» አሉ እናትየው ከወዲያ፣ ድምፃቸው በእንባ ወፍሮ። «እህትሽ ሁሉን ነገረችኝ! በሰው ፊት ቆመሽ ጥፋቱ የኔ ነው ያልሽላትን አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። እኔ ለካ አላውቅሽም፣ ልጄ። ሁልጊዜ ስለ እሷ ብቻ ሳወራ... ይቅር በዪኝ። እኔ ስሞት የምትጠብቃት አንቺ ነሽ፣ አሁን ልቤ አረፈ። እንዳከበርሻት ያክብርሽ። ለእህትሽ የተመኘሽውን ላንቺ ያድርግልሽ!»

ሰፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። መስመሩ ላይ ከእናቷ ሌላ የሰው ትንፋሽ ይሰማታል። ቀጮ አልዘጋችውም ነበር።

«ምነው፣ አሜን በዪ እንጂ!» አሉ እናትየው።

«አሜን» አለች ሰፊዋ።